የጌጥ ዓሦች የቆዳ ሻጋታ፤ የምርመራውና የሕክምናው ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም ከሙያችን ወሰን ጥቂት ወጣ ያለ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ስለ አንድ ድልድይ ወይም ስለ አንድ ግድብ እንደምጽፍ ጠብቀው እንደ ነበር አልጠራጠርም። እኔ ግን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለጌጥ በሚቀመጡ ዓሦች ቆዳ ላይ ስለሚታየው ሻጋታ መጻፍን መረጥሁ። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ ከመሐንዲስ ሥራ የራቀ ይመስላል። ሆኖም የዚህ በሽታ ታሪክ በዓይን የሚታየውን ምልክት ከማይታየው መንሥኤ ለመለየት ብዙ ሰዎች ያደረጉት የረጅም ጊዜ ጥረት ታሪክ ነው። ይህ ደግሞ የተሰነጠቀ ግድግዳ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ፊት የቆመ ባልደረባ ሁሉ በየቀኑ የሚያጋጥመው ፈተና ነው። ወደዚህ ታሪክ የመራኝም የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፣ ትረካውን ከዚያ እጀምራለሁ። ለአንባብያን ምቾት ሲባል በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ የተነሣ ጥያቄ

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ይህ ሠፈር፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ በመሆኑ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። መንገዱ በ2014 ለአገልግሎት ከተከፈተ ወዲህ በየቀኑ እጅግ ብዙ ተሽከርካሪ በአጠገቡ ያልፋል። ከመንገዱ ባሻገር ያሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግን የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ የመጣው ውኃም በየበርሜሉና በየታንከሩ ይጠራቀማል። እኔም ከነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ እኖራለሁ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ሰማንያ ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ገዝተው፣ ሦስት ጎልድፊሽና አምስት ጥቁር ሞሊ የሚባሉ ዓሦች አኑረውበት ነበር። ሕፃኑ ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸዋል። አንድ ቀን ማታ ሽማግሌው በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ አንተ የውኃ መሐንዲስ አይደለህም? እስቲ ውረድና እነዚህን ዓሦች ምን እንደ ነካቸው እይልኝ» አሉኝ።

ወረድሁ። በሁለቱ ሞሊዎች አፍ ዙሪያና በአንዱ ጎልድፊሽ ጀርባ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አየሁ። በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ዘመን ዓሣ አሳድግ ስለ ነበር ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድሁም። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ይህ ሻጋታ ነው» አልኋቸው። ሻጋታ ብርድ እንደሚወድ ከማውቀው ተነሥቼም የገንዳውን ማሞቂያ ከ24 ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ አደረግሁትና ከቀድሞው ዘመን የተረፈኝን አረንጓዴ መድኃኒት በጠብታ ጨመርሁበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሰባቱ ዓሦች ሞቱ። የተረፈው አንድ ጎልድፊሽ ብቻ ነበር። ሽማግሌው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። ሕፃኑ ግን፣ «መድኃኒት ከሰጠሃቸው ለምን ሞቱ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያች ቀን መልስ አልነበረኝም።

ከሞቱት መካከል ገና ትኩስ የነበረውን አንዱን በበረዶ ላይ አድርጌ፣ በዚያው በፍጥነት መንገድ ቢሾፍቱ ወደሚኖር የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ወሰድሁት። ወዳጄ ከአፉ ላይ ጥቂት ነጭ ነገር ፍቆ ከውኃ ጠብታ ጋር በማይክሮስኮፕ ሥር አኖረው። እኔ የጠበቅሁት የሻጋታ ክር ነበር፤ አንድም ክር ግን አልነበረም። የታየው እጅግ ቀጭን የሆኑ ዘንጎች እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ የቆሙበት፣ የጭድ ክምር የሚመስል ነገር ነው። በሽታው የባክቴሪያ በሽታ ነበር፤ ያም ባክቴሪያ ሙቀት ሲጨምርለት ይበልጥ የሚፈጥን ነው። በእኔ ትእዛዝ የጨመረው አምስት ዲግሪ በሽታውን እንጂ ዓሦቹን አልረዳም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከእኔ እጅግ የላቁ ሰዎችም በዚሁ ቦታ ተሰናክለው እንደ ነበር ተረዳሁ።

ከ1748 እስከ 1882

በዓሣ ገላ ላይ የሚበቅለውን ሻጋታ በጽሑፍ ካሠፈሩት ሰዎች የመጀመሪያው ተደርጎ የሚጠቀሰው የእንግሊዝ አገር ሰው ዊልያም አርደሮን ነው። ይህ ሰው በ1748 ሮች በሚባል የወንዝ ዓሣ ላይ ያየውን የሻጋታ እድገት ለለንደኑ የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ገለጸ። ፍጥረቱ ዛሬ የሚጠራበትን ሳፕሮሌግኒያ የተባለውን ስም ያገኘው ግን በ1823 ሲሆን፣ ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ኔስ ፎን ኤዘንቤክ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሆኖ መበስበስንና ጫፍን የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት የተጣመሩበት ነው። እንግዲህ ፍጥረቱ ገና ከጥንቱ የታወቀው በበሰበሰ ነገር ላይ በመብቀሉ መሆኑን ልብ ይሏል።

በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የማኖር ልማድ የተስፋፋውም በዚሁ መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ጎልድፊሽን ለጌጥ ያራቡት ቻይናውያን ሲሆኑ፣ ሥራው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ ውስጥ በጣም ዳብሮ ነበር። ዓሣው ወደ አውሮፓ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ዓሣ፣ የውኃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደጋግፈው ሊኖሩ እንደሚችሉ በጽሑፍ አስረዳ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ። በተዘጋ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በበዛ ቁጥር በሽታውም ከሰው ዓይን ፊት ቀረበ።

ይሁን እንጂ የሳይንስን ዓለም ያነቃነቀው ነገር የመጣው ከገንዳ አይደለም። በ1870ዎቹ መጨረሻ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን አካባቢ ባሉ ወንዞች ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በነጭ ሻጋታ ተሸፍኖ በብዛት ያልቅ ጀመር። ሳልሞን ለብዙ ሰዎች የገቢ ምንጭ ስለ ነበር መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑም በ1880 ሪፖርቱን አቀረበ። ቀጥሎ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው የታወቀው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ በ1882 የራሱን ምርምር አሳተመ። ሃክስሊ ከታመመው ሳልሞን ቆዳ ላይ የወሰደውን ሻጋታ ወደ ሞቱ ዝንቦች አዛመተና በዝንቦቹ ላይ ሲበቅል አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ የሳልሞኑ ገዳይ ሳፕሮሌግኒያ ነው ሲል ደመደመ።

የተገለበጠው ብያኔ

የሃክስሊን ሙከራ አንድ መሐንዲስ ቢመረምረው የጎደለውን ነገር ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ሻጋታው በሞተ ዝንብ ላይ መብቀሉ በሞተ ነገር ላይ መብቀል እንደሚችል ያስረዳል፤ ጤናማ ዓሣ መግደል እንደሚችል ግን አያስረዳም። በዚያው በ1882 ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ የተከተለው መንገድ ከዚህ የጠበቀ ነበር። እርሱ ሕዋሱን ለብቻው አሳድጎ ጤናማ እንስሳ ውስጥ በማስገባት በሽታውን ዳግመኛ አስነሥቶ አሳይቷል።

በ1903 ሂዩም ፓተርሰን የተባለ ተመራማሪ የሳልሞኑን በሽታ እንደገና መርምሮ፣ አስቀድሞ ዓሣውን የሚያጠቃው ባክቴሪያ ነው፤ ሻጋታው የሚከተለው ባክቴሪያው ባቆሰለው ሥጋ ላይ ነው ሲል ጻፈ። ብያኔው ተገለበጠ፤ ተከሳሹ ሻጋታ ከነፍሰ ገዳይነት ወደ ቁስል ተከታይነት ዝቅ አለ። ፓተርሰን የጠቀሰው ባክቴሪያም ቢሆን በኋላ የመጨረሻው መልስ ሆኖ አልጸናም። በ1960ዎቹ ከአየርላንድ የተነሣ ተመሳሳይ በሽታ የብሪታንያን ሳልሞን ዳግመኛ ሲፈጅ፣ አሁንም ቁስሉን ሻጋታ ሸፈነው፤ የቁስሉ መነሻ ግን ሁሉን በሚያስማማ አኳኋን ሊረጋገጥ አልቻለም።

በ1922 ደግሞ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚሲሲፒ ወንዝ ዓሦች ላይ አንድ የባክቴሪያ በሽታ ገለጸ። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ዓምድ ስለሚከመር ኮለምናሪስ የሚል ስም ተሰጠው። በቱሉ ዲምቱ ሰባት ዓሦች የገደለው ይኸው ነው። እንግዲህ እኔ በማሞቂያው ቁልፍ ላይ እጄን ባሳረፍሁበት ማታ ሁለቱን በሽታዎች የሚለየው ዕውቀት ከታተመ መቶ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን የእኔ ትዕግሥት ነው።

በሌላ በኩል ሻጋታው ሁልጊዜ ከሌላ በሽታ ኋላ የሚመጣ ነው ማለትም ወደ ተቃራኒው ስሕተት መግባት ይሆናል። ጠንካራ የሆኑ የሳፕሮሌግኒያ ዝርያዎች አሉ፤ በተለይ የዓሣ ዕንቁላልን በራሳቸው ያጠፋሉ። ዋናው ነገር የዓሣው ቆዳ ሁኔታ ነው። ጤነኛ ዓሣ ገላውን የሚያለብሰው የሚያሙለጨልጭ ልባጥ አለው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በሻጋታው ለማስያዝ ሲፈልጉ አስቀድመው በመረብ ውስጥ ያናውጡት ነበር። ልባጡ በመረቡ ሲፋቅ ሻጋታው ይይዛል፤ ልባጡ ሳይነካ ሲቀር ግን ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ይህ ሙከራ ከሃክስሊ ዝንቦች የላቀ ትምህርት ይሰጣል፤ በሽታ እንዲነሣ ምን መሟላት እንዳለበት ያሳያልና።

ፈንገስ ያልሆነው ፈንገስ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም የስም ስሕተት አለ። ሳፕሮሌግኒያ በመልኩ ፈንገስ ቢመስልም በዘሩ ፈንገስ አይደለም። የእውነተኛ ፈንገስ የሕዋስ ግድግዳ በዋናነት የሚጠነክረው ኪቲን በሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የዚህኛው ግን እንደ ተክል ሴሉሎስ ያለበት ነው። ዘሮቹም ሁለት ጭራ አውጥተው በውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። የዘር ሐረጉ ሲጠና የሚቀርበው ከእንጉዳይ ይልቅ ቡናማ ከሆኑት የባሕር አልጌዎች ጋር ነው። ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረኃብ ያስከተለው፣ ዛሬም የደጋው አገራችን ገበሬ በክረምት የሚያውቀው የድንች በሽታ አምጪ ፍጥረት የዚሁ ወገን ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ለሰው ቆዳ የሚታዘዙ ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች የተሠሩት የእውነተኛ ፈንገስን አካል እንዲያጠቁ ነው። በሳፕሮሌግኒያ ላይ ሲሞከሩ ዒላማቸውን ስለማያገኙ አብዛኞቹ እምብዛም አይረዱም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የቆዳ ቅባት ገዝቶ ዓሣ ላይ መቀባት ከድካም በቀር ትርፍ የለውም።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ

ለዚህ በሽታ በሰፊው ያገለገሉት ሁለት መድኃኒቶች የተገኙት ከጨርቅ ማቅለሚያ ኢንዱስትሪ ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በ1876 የሠራው ሃይንሪክ ካሮ ሲሆን፣ በጊዜው ዓላማው ጥጥ ማቅለም ነበር። በ1891 ፓውል ኤርሊኽና ባልደረባው ጉትማን ይህንኑ ቀለም ለወባ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን አሳተሙ። ቀለሙ ወደ ዓሣ ገንዳ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም በተለይ ዕንቁላልን ከሻጋታ ለመጠበቅ ያገለግላል።

ማላካይት ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም የተሠራውም በዚያው በ1870ዎቹ ነው። በ1936 ፎስተርና ውድበሪ የተባሉ አሜሪካውያን በዓሣ ሻጋታ ላይ ሞክረውት ውጤቱ እጅግ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ባሉ የዓሣ እርባታዎች ይህን የሚተካከል መድኃኒት አልነበረም። እኔም በጠብታ የጨመርሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ቀለሙ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ወደ ሌላ ቅርጽ ተለውጦ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይና በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ካንሰር የማስከተል ሥጋት እንዳለው ታወቀ። ስለዚህም ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ መጠቀም በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ተከለከለ። ክልከላው ሲጸና በሳልሞን እርባታ የሻጋታው ጉዳት እንደገና ማየሉ መድኃኒቱ ምን ያህል ኃይለኛ እንደ ነበር ይመሰክራል። ለጌጥ ዓሣም ቢሆን የሚያዘጋጀው ሰው በእጁ የሚነካውና በትንፋሹ የሚስበው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እኔ ያለ ጓንት ነበር የነካሁት።

ከሁለቱም ቀለሞች የሚቀድመውና የማያረጀው መድኃኒት ጨው ነው። ሥራውም ለመሐንዲስ የሚገባ ቀላል የፊዚክስ ሥራ ነው። በወንዝና በሐይቅ ውኃ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከአካባቢው ውኃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ገላው ሊገባ፣ ጨውም ከገላው ሊወጣ ይገፋፋል። ይህን የሚያግደው ጤናማ ቆዳ ነው። ሻጋታው ቆዳውን ሲበሳው ግድቡ ያፈስሳል፤ ዓሣው የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ ደሙ ከመጠን በላይ በመቅጠኑ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው ሲጨመር በውስጥና በውጭ ያለው ልዩነት ስለሚጠብ የዓሣው ድካም ይቀላል፤ ሻጋታውም ለመስፋፋት ይቸገራል። ሆኖም ቅርፊት የሌላቸው አንዳንድ ዓሦች ጨውን አጥብቀው የማይታገሡ በመሆናቸው መጠኑ በጥንቃቄ ሊወሰን ይገባል።

ውኃችንና ከፍታችን

የውጭ አገር መጻሕፍትን የምናነብ ሰዎች ልንዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። እነዚያ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ለሚኖሩ አንባብያን ነው። ቱሉ ዲምቱ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በእኛ ዘንድ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ውኃው ሲሞቅ ይህም ይቀንሳል። እንግዲህ ማሞቂያውን 29 ዲግሪ ላይ ሳደርሰው ለባክቴሪያው ማገዶ ስጨምርለት ለዓሦቹ ደግሞ እስትንፋስ ቀንሼባቸዋለሁ። መጽሐፉ የሚፈቅደውን የዓሣ ብዛት በእኛ ከፍታ ዝቅ ማድረግ፣ አየር ነፊውንም ማጠንከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የውኃው ምንጭ ነው። በቧንቧ የሚመጣው ውኃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪኑ ግን የዓሣን የመተንፈሻ ብልት ይልጣል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሰው ገንዳውን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ይቸኩላል። ውኃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን አየር እየነፉ ማቆየትና ከገንዳው ከአንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ አለመለወጥ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲቋረጥ የገንዳው ሙቀት ይወርዳል፤ የሞቃት አገር ዓሦች መከላከያቸው የሚደክመው፣ ሻጋታውም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።

የዓሣ እርባታ ታሪክ ለአካባቢያችን እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን ከቀደሙት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ የጎልድፊሽ ዘመድ የሆነው ካርፕ በ1940 ገደማ ከጣሊያን መጥቶ እንደ ገባበት ይነገራል። በ1960ዎቹም ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች ተለቅቋል። ሰበታ ላይ ያለው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ኖሯል። ዓሣ ከቦታ ወደ ቦታ በተጓዘ ቁጥር በሽታውም አብሮ ሊጓዝ ይችላል፤ ስለዚህ የገንዳ ውኃንም ሆነ የታመመ ዓሣን ወደ ወንዝ መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

ሁለተኛው ምርመራ

የተረፈው ጎልድፊሽ ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ታመመ። ሽማግሌው ገንዳውን ሲያጸዱ በመረብ ሲያወጡት ከጎኑ ጥቂት ቅርፊቶች ወልቀው ነበር። በአራተኛው ቀን በቁስሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ታየ። በዚህ ጊዜ ግን ስም ለመስጠት አልቸኮልሁም። ዓሣው ገና በሕይወት ሳለ ከቁስሉ ጫፍ ጥቂት ፍቀን፣ በገንዳው ውኃ በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ወደ ቢሾፍቱ ወሰድሁት። ናሙናው ከሕያው ወይም ወዲያው ከሞተ ዓሣ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ሞቶ በውኃ ውስጥ ያደረ ዓሣ ማናቸውም በሽታ ቢገድለው ሻጋታ ያበቅላልና።

በማይክሮስኮፑ ሥር የታየው አሁን ሌላ ነበር። ወፋፍራም፣ እየተቀናጡ የሚሄዱ፣ በውስጣቸው ክፍልፋይ ግድግዳ የሌላቸው ክሮች ነበሩ፤ በአንዳንዶቹ ጫፍም ዘር የተሞላ ረዘም ያለ ከረጢት ይታያል። የባክቴሪያው ዘንጎች ከእነዚህ ክሮች ጋር ሲነጻጸሩ ውፍረታቸው ከሃያ እጅ የሚያንስ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ የመሰሉት ሁለቱ በሽታዎች በመስተዋቱ ሥር እንደ ግንድና እንደ ስንጥር ይለያያሉ። ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ሦስተኛውንም ሊያውቀው ይገባል። ይኸውም በ1876 የተገለጸው የነጭ ነቁጥ በሽታ ነው፤ ጥጥ ሳይሆን የጨው ቅንጣት የሚመስል ነቁጥ ያሳያል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የፈረስ ኮቴ ብረት ቅርጽ ያለው እምብርት ያለበት ተንቀሳቃሽ ፍጥረት ነው።

ሕክምናው ቀላል ነበር። ዓሣውን ሃያ ሊትር በሚይዝ ባልዲ ለብቻው አደረግነው። በሊትር 2 ግራም ሒሳብ 40 ግራም ጨው፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ሒሳብ ደግሞ አንድ በመቶ ከሆነው የሜቲሊን ብሉ ብጥብጥ 4 ሚሊ ሊትር ጨመርን። ሰማያዊው ቀለም በዋናው ገንዳ ማጣሪያ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ በዚያ አልተጠቀምንበትም። በየቀኑ አንድ ሦስተኛውን ውኃ በየነው ውኃ ለወጥን፤ በተለወጠው መጠንም ጨውንና ቀለሙን ተካን፤ አየር ነፊውም ሌሊትና ቀን አልተቋረጠም። ማሞቂያ አልነካንም። በስድስተኛው ቀን ጥጡ ለቀቀ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ዓሣው ወደ ገንዳው ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ጥቂት ነው። አንድ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በልስን መሸፈን ቀላል ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር እየሰመጠ ከሆነ ግን ልስኑ የሚያገለግለው ቤቱ እስኪወድቅ ብቻ ነው። አርደሮን ያየውን ጻፈ፤ ሃክስሊ ከታየው ተነሥቶ ፈረደ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ፍርዱን መረመሩ። በእያንዳንዱ ዘመን ጉዳት የደረሰው ሰዎች ባለማወቃቸው ብቻ አይደለም፤ ያወቁ መስሏቸው መመርመርን በተዉ ጊዜ ጭምር ነው። እኔም አላውቅም ለማለት አንድ ሌሊት ብታገሥ ኖሮ ሰባቱ ዓሦች ምናልባት ሁሉም ባይተርፉ እንኳ በእኔ እጅ አይሞቱም ነበር።

ሽማግሌው አሁን ከገንዳው አጠገብ አንድ የተማሪ ደብተር አኑረዋል። ውኃ የተለወጠበትን ቀን፣ የውኃውን ሙቀትና መብራት የጠፋበትን ሰዓት የሚጽፈው የልጅ ልጃቸው ነው። በአንድ ገጽ ላይ በራሱ አጻጻፍ፣ «ጥጥ ታየ፤ መድኃኒት ገና አልተሰጠም፤ መጀመሪያ ይታያል» የሚል ሠፍሯል። ከስምንት ወር በፊት ለጠየቀኝ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ እጅግ ረጅም ነበር፤ እርሱ ግን ከእኔ ባነሰ ቃል ጽፎት አገኘሁ።